ሁለት ሜትር ከአርባ

ሙላቱ ከመርሳ ሲሸሽ ይዞት የወጣው አንድ ሹራብ፣ የስልክ ቻርጀር፣ መታወቂያውና ባራት የታጠፈ የመሬት ንድፍ ነበር። ንድፉን አስቦ አልያዘውም። ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከገባ አራት ሳምንት ሆኖት ስለነበር ጃኬቱን ሲለብስ አብሮት ወጣ። ደሴ ደርሶ፣ ተፈናቃይ በተጠለለበት አንድ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጦ ሳለ፣ መታወቂያ ፍለጋ የሰደደው እጁ ወረቀቱን ነካ። 

«ሁለቱን ሽማግሌዎች ትቼ ይሄን ይዤ መጣሁ» አለ በልቡ።

ወረቀቱ የሁለት ጎረቤታሞችን ጓሮ የሚያሳይ ነው። በመርሳ ዳር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ እማማ ደብሪቱና ጋሽ አብዱልሐሊም ሠላሳ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ኖረዋል። እማማ ደብሪቱ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጌሾና በርበሬ ገበያ እያወጡ የሚያድሩ ሴት ናቸው። ጋሽ አብዱልሐሊም ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ ዘርግተው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ መንገደኛውን ሁሉ ሲተርቡ ይውላሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አንዲት ልጃቸው ዘሃራ ደሴ ስለምታስተምር ብቻቸውን ነበሩ። ሁለቱን ግቢ የሚለየው የቅንጭብ አጥር ከፊት ተነስቶ ጓሮው ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍት ነው። እዚያ ክፍት ቦታ ላይ አንዲት ዘይቱን በቅላለች። ፍሬዋ ሲበስል ሁለቱም ቤት ይበላል። የማን ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የጠየቀው ሙላቱ ነው።

ሙላቱ ከመርሳ ወጣ ብላ በምትገኘው በግራና የሚኖር ገበሬ ልጅ ነው። ለትምህርት መርሳ ሲመጣ ያረፈው እማማ ደብሪቱ ቤት ነበር፤ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል እሳቸው ያበሰሉትን እየበላ፣ ውሃ እየቀዳ፣ ጌሾ እየለቀመ ኖረ። እንደ ልጅ ያዩታል፤ እሱም «እማማ» ሲል ከልቡ ነው። በኋላ ቅየሳ ተምሮ በከተማው የመሬት ምዝገባ ሥራ ላይ ተቀጠረ። በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ፣ ከተማው ውስጥ ያለ ቦታ ሁሉ ቁራሽ በቁራሽ ተለክቶ፣ እያንዳንዱ ቁራሽ የራሱ ቁጥር ወጥቶለት፣ ባለቤቱ ካርታ ይያዝ ተባለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለቦታው ጥጉ ላይ ይቆማል። አዋሳኙም መጥቶ እዚያው ይቆማል። ሁለቱ ከተስማሙ ቀያሹ ችካል ይተክላል፣ ይለካል፣ ያስፈርማል። ካልተስማሙ ያ ጠርዝ በቀይ የተቆራረጠ መስመር ይሰመርና ማስረጃ እስኪገኝ ለሁለቱም ካርታ አይሰጥም።

«እማማ፣ ጥግዎን ያሳዩኝ» አለ ሙላቱ ያን ቀን፣ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

እማማ ደብሪቱ ዘይቱኗን አልፈው ሄዱና አንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ ቆሙ። «ይቹትና።»

ጋሽ አብዱልሐሊም ሳቁ። «ደብሬ፣ አላህ ይይልሽ! ያቺ እኮ ቅንጬ ስትከኪባት የኖርሽ ድንጋይ ናት። መቼ ነው ወሰን የሆነችው?»

«አንተ በመርፌ ቀዳዳ ስታይ ኖረህ ዓይንህ ጠፍቷል፤ ድንጋይ ከድንጋይ የት ትለያለህ!»

«መርፌ የማይስት ዓይን ድንጋይ ይስታል? የኔ ወሰን ይኸውልህ ልጄ» አሉና ከዘይቱኗ ወዲህ፣ እማማ ደብሪቱ ማድቤት አጠገብ፣ ሣር የዋጣት ድንጋይ በጫማቸው ጫፍ ገለጡ።

«ማድቤቴንም ውሰደው በለኛ! አልጋዬንም ጨምርበት!»

«አልጋሽ ይቅርብኝ። ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።»

ሊያይ የተሰበሰበው ሠፈርተኛ በሳቅ ፈነዳ። ሙላቱም ሳቀ። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፤ ሁለት ሜትር ከአርባ። ቀዩን መስመር አሰመረ። ከዚያም እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ድምፁን ለወጥ አድርጎ፣ «እስኪወሰን ድረስ ማንም ድንጋይ እንዳይነካ። ወሰን ያንቀሳቀሰ ሰው መብቱን ያጣል። ሁለታችሁም ጠብቁ» አላቸው።

ጠበቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ጠዋት ሲነሱ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ጓሮ ወጥተው ድንጋያቸውን ያያሉ። ዘይቱኗ ያፈራችው መሬት ወድቆ ይበሰብሳል፤ የነካው የለም። እማማ ደብሪቱ ገበያ ሲሄዱ ጎረቤታቸውን የሺን «እስክመለስ ዓይንሽን አትንቀይ» ብለው ነው። ጋሽ አብዱልሐሊም ጁምዓ ሲወጡ ፈጥነው ይመለሳሉ። ሰላምታው አልቀረም፤ መተራረቡም አልቀረም። ግን ሁለቱም ከግቢያቸው የሚርቁ ሰዎች አልሆኑም። ሙላቱ ይህን እያየ ይስቅ ነበር። በኋላ ሳቁን ሲያስታውስ ፊቱን በእጁ ይሸፍናል። እሱ ሜትር ይዞ እስኪመጣ ድረስ እዚያ የነበሩት ሁለት ሰዎችና አንዲት ዛፍ ብቻ ነበሩ።

ሐምሌ ስምንት ቀን ማስረጃ ፍለጋ ወልድያ ሄደ። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዞ መዝገብ ቤቱ ሲደርስ፣ አብራው የምትሠራ የነበረችው ውባለም አፏን በሻርፕ ሸፍና ከአሮጌ ፋይል ጋር ስትታገል አገኛት። ግማሽ ቀን ፈለገች። በመጨረሻ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አራገፈችው።

«ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት። ሁለቱ ሰዎች ቦታ ሲመሩ የተሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ አይጥ ብቻ ነው ያነበበው» አለች።

ሙላቱ ጎንበስ ብሎ አየ። መስመሩ ከማድቤቱ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ዘይቱኗ ያለችበት ቁራሽ የጋሽ አብዱልሐሊም ነው። ሙግት የለውም።

«ያለቀ ነገር ነው» አለች ውባለም። «ማኅተም አድርጌልህ ግልባጩን ውሰድ። ነገ ስጣቸውና ይገላገሉ። ይሄ ከወዲያ የሚወራው የጦርነት ወሬ እኛ ጋ ሳይደርስ የሰው ጉዳይ ጨርሱ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገለጠው፣ ሁለት ጊዜ አጠፈው። የታየው የእማማ ደብሪቱ ፊት ነበር። ያን ሁሉ ሠፈርተኛ ሰብስቦ «ተሳስተዋል፤ የሰው ቦታ ነው የያዙት» ብሎ የሚያነብባቸው ማን ሆኖ ነው? ዩኒፎርሙን በእጃቸው ያጠቡለት ሴት! ቀስ ብዬ፣ ለብቻቸው፣ አለዝቤ እነግራቸዋለሁ አለ። የገብርኤል በዓል ይለፍ አለ። በዓሉ አለፈ። ፍልሰታ ገባ፤ በጾም ሰው አይከፋም፣ ጾሙ ሲፈታ እነግራቸዋለሁ አለ። ነገሩ ደግነት ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት እማማ ደብሪቱ መንገድ ላይ አገኙት። «ሙሌ፣ ወልድያ ምን ተገኘ?»

«እየተፈለገ ነው፣ እማማ።»

«እንዳይጠፋ ብቻ። እኔ እኮ እውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

በዚያው ቀን ጋሽ አብዱልሐሊም ከበረንዳቸው ጠሩት። «ልጄ፣ ያ ወረቀት አለ። ያኔ ሲለኩ ገመዱን የያዝኩት እኔ ራሴ ነኝ። የደብሪቱ ባል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከዚያ ጫፍ ያዘ። እሷ ያን ቀን ገበያ ነበረች፤ አላየችም። ዋሽታ አይደለም፤ አታውቅም።»

«ሲገኝ አመጣዋለሁ፣ ጋሼ።»

ወረቀቱ ያኔም ኪሱ ውስጥ ነበር።

ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት መንገዱ ሰው ብቻ ሆነ። ከቆቦ፣ ከወልድያ የመጣ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ፣ ከብት እየነዳ፣ ሽማግሌ በጋሪ ጭኖ መርሳን እያቋረጠ ወደ ደሴ ይወርዳል። የመድፉ ድምፅ ቆርቆሮ ያንቀጠቅጥ ጀመር። ሙላቱ አንድ ሹፌር ተለማምጦ ሦስት ሰው የሚይዝ ቦታ አገኘና ወደ እማማ ደብሪቱ ሮጠ።

«እማማ፣ ይነሱ! መኪና አግኝቻለሁ!»

እማማ ደብሪቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን እንኳ አላስተካከሉም። «አብዱ ይሂድና እሄዳለሁ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እኔ ወጥቼ እሱ ከቀረ ድንጋዩን ነቅሎ ማድቤቴ መሃል ይተክላታል። አላውቀውም እንዴ! ወሰን የነካ መብቱን ያጣል ብለህ የለ? ማን ነካው ብዬ በማን ላስመሰክር? ሰው ሁሉ ሄዷል።»

ሙላቱ በአጥሩ ጫፍ ዞሮ ጋሽ አብዱልሐሊም ዘንድ ገባ። የስፌት መኪናቸውን ወደ ቤት አስገብተው፣ በረንዳው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ዘሃራ ደሴ እየጠበቀችዎት ነው። እንሂድ።»

«እሷ ትቅደም።»

«ኧረ ባክዎን! ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ነገር ነው የምትሉት።»

«አንድ ዓይነት ሰዎች ነና» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ሙላቱ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ስሰፋ ኖሬ ለልጄ የማወርሳት ይህችኑ ቦታ ነው። ወረቀቱ ቢኖር ምን ያስቀምጠኛል? ወረቀቴን ይዤ አሁኑኑ ነበር የምወጣው።»

መኪናው ከመንገዱ ዳር ጥሩንባውን ይነፋል። ሙላቱ እጁን ወደ ጃኬቱ ሰደደ። ወረቀቱ ጣቱን ነካው። ቢያወጣው ምን እንደሚሆን በዚያች ቅጽበት ሁሉም ታይቶታል። ሰውዬው ወረቀቱን ተቀብለው ይወጣሉ። እማማ ደብሪቱም የሚጠብቁት ነገር ስለማይኖር ይወጣሉ። ግን ደግሞ፣ «መቼ ነው ያገኘኸው?» ይሉታል። እማማም ዞር ብለው ያዩታል። ያቺን አስተያየት ፈራ። በመድፍ መሃል ቆሞ የፈራው የአንዲት አሮጊት ዓይን ነበር።

«ይሄ አሁን የሚነሳ ጉዳይ አይደለም፣ ጋሼ» አለ። «አብራችሁ ውጡ» ብሎ ሁለተኛ ለመናቸው፤ «እሱ ይቅደም»፣ «እሷ ትቅደም» ከማለት አልወጡም። አንድ ጊዜ ወዲያ፣ አንድ ጊዜ ወዲህ ተመላለሰ። ሹፌሩ «ልሄድ ነው!» ብሎ ጮኸ። እጁ ከኪሱ ባዶውን ወጣ። ሮጦ ተሳፈረ።

ሙላቱ ከደሴም ተሰድዶ ደብረ ብርሃን ደረሰ። አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ታኅሣሥ ላይ፣ በጭነት መኪና ወደ መርሳ ተመለሰ። መሥሪያ ቤቱ በሩ ተነቅሏል፤ የሰው ፋይል መሬት ላይ ተዘርግቶ ጭቃ ረግጦታል። እሱ ግን አንዲቱን ወረቀት ደረቱ ላይ ይዞ ነው የቆመው። ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደ።

እማማ ደብሪቱ ጓሮ ተቀምጠው አገኛቸው። ግማሽ ሰው ሆነዋል። አንገቱን አቅፈው አለቀሱ፤ ገና ሳይጠይቃቸው ወደ ጎረቤት ግቢ አዩ። በረንዳው ላይ ማንም የለም።

«አብዱ ሄደ» አሉት።

ሙላቱ ቁጭ አለ። እማማ ደብሪቱም ነገሩት።

«መጀመሪያ ሳምንት እሱም ድንጋዩን፣ እኔም ድንጋዬን ስንጠብቅ ሰነበትን። በየቤታችን ሆነን፣ 'አለህ?' 'አለሁ፣ ሌባ!' እንባባላለን። ወፍጮ ቤት ተዘጋ። መብራት የለ። እኔ ማሽላ ነበረችኝ፤ እሱ ደግሞ ጨውና ስኳር ነበረው። በመንገዱም በክፍቱ ጓሮም መዞር ስለሚያስፈራ ቅንጭቡን በመቀሱ ቆርጦ በር አወጣ። 'ይቺን በር በካርታው አታስመዝግቢ' ይለኛል። እኔ በድንጋይ እፈጫለሁ፣ እሱ ቂጣ ይጋግራል። ቂጣው ምን እንደሚመስል አትጠይቀኝ! 'እንደ ጨርቅ ሰፍተኸዋል፤ የቁልፍ ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው' ስለው ይስቃል። ጠዋት ጠዋት 'ሙላቱ መቼ ነው የሚመጣ? ወረቀቴን ይዞ ይመጣል' ይላል። እኔም 'የኔን ነው ይዞ የሚመጣ' እላለሁ። አንተን ስንጠብቅ ነው የሰነበትነው።»

ሙላቱ መሬት መሬቱን ያያል።

«አንድ ቀን አዘነልኝና አዘንኩለት። 'አብዱ፣ ያቺን ቁራሽ ውሰዳት፤ ሰጥቼሃለሁ፣ እግዜር ምስክሬ ነው' አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? 'ደብሬ፣ በችሮታ አልወስድም። የኔ ናት። ወረቀቱ መጥቶ የኔ መሆኗን አንቺ ራስሽ ስታዪ፣ ያኔ እኔ ለአንቺ እሰጥሻለሁ' አለኝ። ግትር! ተናደድኩበት። ያን ቀን አኮረፍኩት።»

ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አመጡ።

«ከመስቀል በኋላ ወባ ጣለኝ። መድኃኒት የለ። ሦስት ቀን አልተነሳሁም። ያን ጠዋት ከውርጌሳ በኩል ከባዱ መሣሪያ ይጮሃል። እሱ አጥሚት አፍልቶ፣ በጣሳ ይዞ፣ በቅንጭቡ በር ሊገባ ሲል ዘይቱኗ አጠገብ ወደቀ፤ ያ የሚወረወረው ነገር። ድምፁን ሰማሁ። 'አብዱ!' አልኩ። 'አለሁ' አላለኝም። ሠፈር የቀሩ ሦስት ሽማግሌዎች ተሸክመው ቀበሩት። እኔ ቆሜ መሸኘት አልቻልኩም።»

ያን ጊዜ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። እማማ ደብሪቱ ቀደሙት። «አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ፣ ሙሌ። ያቺን ቁራሽ በስሙ ጻፍልኝ። ስጦታ ነው በለው። ሌላ ምን አለኝ? ለኔ አጥሚት ይዞ ሲመጣ ለሞተ ሰው ሌላ የምሰጠው የለኝም። ይህን ሳስበው ብቻ ነው እህል የሚወርድልኝ።»

«ዘሃራ ትምጣና» አለ፤ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ከደብረ ብርሃኖቹ የከፉ ሆኑበት። እዚያ ሳለ ሁለቱም በሕይወት ያሉ እየመሰለው ያድር ነበር። አሁን ያወቀውን አውቋል። ቅጹን ስጦታ ብሎ ቢሞላ ማንም አይጠይቀውም። የወልድያው መዝገብ ቤትም ተዘርፏል አሉ፤ ዋናው ንድፍ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ኪሱ ያለችውን ቢያቃጥላት እውነቱን የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ይሆናል። እማማም በሰጡት ነገር ይጽናናሉ። ለእሳቸው ብዬ ነው፣ ይላል ለራሱ። ከዚያ ደግሞ ያኔም ለእሳቸው ብዬ ነው ማለቱ ትዝ ይለዋል።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዘሃራ መጣች። ሦስቱም ጓሮ ወጡ። ዘሃራ ቀጭን፣ ዝም ያለች ሴት ናት፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ሙላቱ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«እህቴ፣ እማማ ይህችን ቁራሽ በስጦታ ለአባትሽ ወራሾች ማስተላለፍ ይፈልጋሉ። ትቀበያለሽ?»

«አባዬ የኔ ናት ነበር የሚለው» አለች ዘሃራ። «ግን ደከመኝ። ምን ለውጥ አለው፤ ቦታው ያው ነው። የምፈርምበትን አሳየኝ።»

እማማ ደብሪቱ ትከሻዋን ዳበሷት። «ተባረኪ ልጄ። እሱ በችሮታ አልወስድም ብሎኝ ነበር። አሁን እንግዲህ እምቢ የሚልበት አፍ የለውም።»

የሙላቱ እጅ ቆመ። «ስጦ» ብሎ ጽፎ ነበር። የቀረውን ፊደል መጨረስ አቃተው። ሰውዬው እምቢ ያሉትን ነገር፣ አፋቸው ከተዘጋ በኋላ፣ እሱ በእጁ ጽፎ ሊያስቀበላቸው ነው። በሕይወት ሳሉ ወረቀታቸውን ከለከላቸው፤ አሁን ደግሞ እውነታቸውን ሊወስድባቸው ነው።

«ስጦታ አይደለም» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ እማማ ደብሪቱ።

«ሊሰጧቸው አይችሉም፣ እማማ። የእርስዎ አልነበረችም።» ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣ። በእጥፋቱ ላይ ልትቀደድ ደርሳለች፤ ላብ ጠርዟን ቢጫ አድርጎታል። ለዘሃራ ሰጣት። «ሐምሌ ስምንት ነው ወልድያ ሄጄ ያመጣሁት። ጋሼ ያሉት ልክ ነው።»

ዘሃራ ወረቀቱን ገለጠች። የአባቷን ስም ከነአያቷ ስታነብ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

እማማ ደብሪቱ አልገባቸውም። «ሐምሌ? ሐምሌ አልተገኘም ብለኸኝ የለ?»

«ዋሽቼ ነው።»

«ለምን?»

«እርስዎ እንዳይከፋዎት። በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ።»

ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው ያየዋል፤ ዓይናቸው አንዴ ወደ ቅንጭቡ በር፣ አንዴ ወደ በረንዳው ሄደ። «ያን ቀን… መኪናው ጥሩንባ ሲነፋ። ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ። ይሄ ወረቀት የት ነበር?»

«እዚህ» አለ፣ ደረቱን ነክቶ። «ጋሼ ወረቀቱ ቢኖር አሁኑኑ እወጣ ነበር ብለውኛል። እጄን ሰድጄ ነካሁት። አላወጣሁትም።»

እማማ ደብሪቱ ወደ ኋላ አሉና ማድቤታቸው ግድግዳ ላይ ተደገፉ። እሪ ይሉ መስሎት ነበር፤ አላሉም። ዘሃራ ትሰድበዋለች፣ ትመታዋለች ብሎ ጠበቀ። «ይሄን ብታሳየው ኖሮ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ወረቀቱን በመዳፏ ደረቷ ላይ ያዘች። ከዚያ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

«ለካ» አለችው።

«ምን?»

«ልትለካ አይደል የመጣኸው? ለካ። በወረቀቱ ልክ።»

ሙላቱ ሜትሩን አወጣ። የሜትሩን ጫፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ አዋሳኞቹ ናቸው የሚይዙት። እማማ ደብሪቱ ከግድግዳው ተላቀው መጡና ዝቅ ብለው ጫፉን ማድቤታቸው አጠገብ ባለችው ድንጋይ ላይ ያዙት። ዘሃራ በዚያኛው በኩል ያዘች። ሙላቱ እየተንበረከከ ለካ፣ ችካል ተከለ። ሁለት ሜትር ከአርባ። በቀዩ የተቆራረጠ መስመር ፈንታ ጥቁሩን አሰመረ።

ቅጹ ላይ «ክርክሩ የተፈታበት ማስረጃ» የሚል ቦታ አለ። «የ1981 ዓ.ም. የቦታ ምሪት ንድፍ» ብሎ ጻፈ። ዘሃራ በትከሻው ላይ ታያለች።

«የተገኘበትን ቀንም ጻፍ» አለችው።

ቅጹ ያን አይጠይቅም። ያን ቀን የሚያነብ አለቃ ሁሉ «እስከ ዛሬ የት ነበር?» እንደሚል ሙላቱ ያውቃል። «ሐምሌ 8 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በቀያሹ እጅ የቆየ» ብሎ ጻፈ። ዘሃራ ፈረመች። እማማ ደብሪቱ ማንበብ ስለማይችሉ ሁሉንም አነበበላቸው፤ ቀኑ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ቀጥል» አሉት።

«በምሥራቅ የሚያዋስኗቸው፣ የአብዱልሐሊም ወራሾች።»

«ወራሾች አትበል። ስሙን ጻፍ።»

«አይቻልም፣ እማማ። በሕይወት ከሌሉ…»

«እሺ። ጻፈው እንደሆነው።»

አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቷቸው አተሙ። ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሙላቱ ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ።

«አለቀ?» አሉት።

«አለቀ፣ እማማ።»

ወደ ችካሉ አዩ። «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

ሙላቱ ሰዓቱን አየ። መዋሸት አሰኘው። ብዙ ፈጅቷል፣ ከባድ ሥራ ነው፣ ያኔ በጥድፊያ የሚሆን አልነበረም ሊላቸው ፈለገ። ዓይናቸውን ከፊቱ ላይ አላነሱም።

«ግማሽ ሰዓት አይሞላም» አላቸው።